ታብሌቱ እናታችን ቤት ከገባ ወዲህ

ከሦስት ወር በፊት እኛ ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተን በአሽዶድ ከተማ በሮቫ ዛይን ለሚኖሩት እናታችን አንድ ታብሌት ገዛንላቸው። የገዛነው በስድስት ታሽሉሚም ስለሆነ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ ዕዳው ገና አላለቀም። ከምናውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ «እኔስ ለእናቴ ልግዛላት ወይስ ይቅር?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ በነዚህ ወራት ያየነውን ጥሩውንም መጥፎውንም ሳንደብቅ ልንነግራችሁ አሰብን።

ታብሌት ማለት እንደሚታወቀው በጣት እየነኩ የሚያዙት ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው አፕል የተባለው ኩባንያ አይፓድን በሚያዝያ 2010 መሸጥ ሲጀምር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሚገርመው፣ በዚያው ወር የሀገራችን የመገናኛ ሚኒስቴር ዕቃው ወደ እስራኤል እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ የገመድ አልባ ኢንተርኔቱ ኃይል ከዚህ ሀገር ደንብ ጋር መስማማቱ አልተረጋገጠም የሚል ነው። ከአሜሪካ ይዘው የመጡ መንገደኞች በቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ ለጉምሩክ እያስረከቡ ወጡ። ክልከላው በዚያው ወር መጨረሻ ተነሣ። ያን ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ወሬ የነበረው ዕቃ ዛሬ በየቤቱ ልጅ ማባበያ ሆኗል።

ስለ ታብሌት ከተነሣ ከኢትዮጵያም የሚነገር ታሪክ አለ። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸውና ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አድርጎ ያለ አስተማሪ ሰጣቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የተናገሩት የፕሮጀክቱ ባለቤት ራሳቸው ስለሆኑ ትንሽ ቀነስ አድርገን ብንሰማውም፣ ልጅ ቶሎ እንደሚለምድ ግን የልጅ ልጆቻችን ምስክር ናቸው።

እናታችን ዕቃውን ለመንካት አራት ቀን ፈጀባቸው። በመጀመሪያው ቀን በቡና ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠው ነጠላ አለበሱት። «ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር በኔ እጅ ቢሰበርስ?» አሉን። በአምስተኛው ቀን የሰባት ዓመት ልጃችን እጃቸውን ይዞ ሲያስጀምራቸው፣ እሱ ሲነካው የሚታዘዘው መስተዋት እሳቸው ሲነኩት ዝም አለ። ደግመው ጫኑት፤ ዝም። እንጀራ ከምጣድ ላይ የሚያወጡ ይመስል በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ አሁንም ዝም። «እኔን አያውቀኝም» ብለው ገፋ አደረጉት።

እኛም ያልገባቸው መስሎን ስናስረዳ ሰነበትን፤ ጥፋቱ ግን የኛ ነበር። መስተዋቱ የሚያውቀው የጣትን ጉልበት ሳይሆን ጣት ሲጠጋው በላዩ ባለው ጥቂት ኤሌክትሪክ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ነው። ቆዳው የደረቀና የጠነከረ ጣት ያን ለውጥ በደንብ አያሳይም። የእናታችን ጣቶች ደግሞ በጎንደር ገጠር ሸክላ የሠሩ፣ እንጨት የለቀሙ፣ እዚህም ከመጡ በኋላ ለዓመታት ቢሮ ያጸዱ ጣቶች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ጥቂት ቅባት ይቀባሉ፤ ወይም ጫፉ ጎማ የሆነ ለዚሁ የተሠራ ብዕር ይይዛሉ። ጣትን ሳያነሱ ማቆየትም ሌላ ትእዛዝ መሆኑን አትርሱ። ሰውን ሰላም ሲሉ እጁን ይዘው መቆየት የለመዱት እናታችን ምልክቶቹንም እንደዚያው ይዘው ሲቆዩ፣ ሁለት ጊዜ የዋትስአፕን ምልክት ከፊት ገጹ ላይ አጥፍተውብናል።

ወደ ቋንቋው እንምጣ። የኛ ታብሌት ትእዛዞቹን የሚያሳየው በዕብራይስጥ ነው፤ በአማርኛ መጻፊያ ሰሌዳ ግን አለው። ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር፣ ያኔ በአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጁ ሁሉ ያስታውሳሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ አይችሉም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዋናው ፊደል ይነካል፣ ቀጥሎ ካዕቡ፣ ሣልሱ፣ ራብዑ ይመረጣል። አስቸጋሪው በአንድ መስመር ላይ ሁለቱን ቋንቋ መቀላቀል ነው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄዱ ነጥቡና ቁጥሩ እየዘለለ ያልተጠራበት ቦታ ይቀመጣል። ይህ በእጃችሁ ያለው ጋዜጣ አንዱን ቋንቋ ከግራ ሌላውን ከቀኝ ስለሚጀምር ከዚህ ጣጣ ተርፏል።

ለእናታችን ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ፊደል አልቆጠሩምና። በኡልፓን በነበሩ ጊዜ ስማቸውን በዕብራይስጥ መጻፍ ተምረው ነበር፤ እሱም ለፊርማ ብቻ ሆነ። ታብሌቱን የወደዱት በድምፅ መልእክት ነው። አንዷን ምልክት ተጭነው ይናገራሉ፣ ይለቃሉ፤ መልሱ በድምፅ ይመጣል። እስከ ዛሬ የመጣላቸው ወረቀት ሁሉ አንባቢ ይሻ ነበር፤ አሁን ከራምላና ከነታንያ ካሉት እህቶቻቸው ጋር ያለ አንባቢ ይነጋገራሉ። የሬቃን የአማርኛ ሬዲዮም ጮክ አድርገው ይሰሙበታል።

አሁን ደግሞ ያስደነገጠንን እንናገር። ከሕክምና ቦታ በዕብራይስጥ መልእክት ሲመጣ፣ ጽሑፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ፕሮግራም ልጃችን ከፈተላቸው። ጉግል ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ይተረጉማል። ትርጉሙ «ለደም ምርመራ በጾም ይምጡ» የሚል ነበር፤ ልጁም አነበበላቸው። በትርጉሙ ላይ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን እናታችን ጾም ሲባል የሚያውቁት የሀገር ቤቱን ጾም ነው፤ እህልም ውሃም የለበትም። «ዛሬ ደግሞ የምን ጾም ነው?» ብለው ቀኑን ቆጠሩ፣ አጡት፣ የሐኪም ቃል ነው ብለው ግን ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጀምረው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ በማግስቱ በሙቀት በእግራቸው ሄዱ። ነርሷ ደም ሥራቸውን ፈልጋ አጣችው፤ እሳቸውም ወንበሩ ላይ ዞረባቸው። ለደም ምርመራ ሲጾም ውሃ መጠጣት እንደሚፈቀድ መልእክቱ ላይ አልተጻፈም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለአስተርጓሚዋ፣ ለመጋሸሬቷ ማለት ነው፣ ይነበባል፤ ታብሌቱ ከእሷ በኋላ ነው።

በተረፈ «ፖስታ ቤት ዕቃ መጥቶልዎታል፣ እዚህ ይንኩ» የሚል መልእክት ለሁሉም ይደርሳል። አትንኩት፤ የባንክ ካርድ ቁጥርም አትስጡ። እናታችን ካርዳቸውን ሁልጊዜ በመቀነታቸው ቋጥረው ስለሚይዙ ተረፉ።

ሮቫ ዛይን ሃይማኖተኛ ጎረቤት የሚበዛበት ሰፈር ነው። ከፊት ለፊታቸው ያለችው ሐሬዲት ጎረቤት ለእናታችን መልካም ሰው ናት፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕቃ ቤቷ አይገባም። ልጆቿ ለሻባት የተጋገረ ዳቦ ይዘው ሲመጡ እናታችን ታብሌቱን ከትራስ ሥር ይከቱታል። እኛ «ምን ያሳፍራል?» ስንላቸው፣ «የሰው ልጅ ዓይን በኔ ቤት አይበላሽም» ብለው መለሱልን። ዓርብም ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥፍተው በነጠላ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ይህን እንኳ ያስተማራቸው የለም።

ስለ ሳይረንም አንድ ነገር እንጨምር። በአሽዶድ ሳይረን ሲጮህ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለን ጊዜ 45 ሴኮንድ ነው። ታብሌት ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ ዝም ስለሚል የፒኩድ ሃኦሬፍን ማስጠንቀቂያ ከእሱ ብቻ መጠበቅ አይገባም። ሳይረን ሲሰማ ዕቃውን ለማንሣት ወደ ኋላ እንዳይመለሱም አስምለናቸዋል። የመድኃኒት ከረጢታቸው በበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያን ብቻ ያነሣሉ።

እስካሁን የጻፍነው ሁሉ ግን ታብሌቱ የተገዛበት ምክንያት አይደለም። የእናታችን ታናሽ ወንድም ጎንደር ከተማ ሆነው ወደ እስራኤል ለመምጣት ለብዙ ዓመታት ሲጠባበቁ የኖሩ ናቸው። በታኅሣሥ 2020 «ጹር ይስራኤል» የተባለው ዘመቻ ሲጀመር ስማቸው ይወጣል ብለን ነበር፣ አልወጣም። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ የክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠና ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ። በዚያን ጊዜ እናታችን በአሮጌው ባለ ቁልፍ ስልካቸው፣ መስመሩ ሲገኝ፣ ድምፃቸውን ብቻ ይሰሙ ነበር። አጎታችንም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይሏቸዋል። እኛም መስመሩ ከተመለሰ ፊት ለፊት ይተያዩ ብለን ነው ይህን ዕቃ የገዛነው።

የመጀመሪያው ቀን እናታችን ፀጉራቸውን አስተካክለው፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ቡና አፍልተው ተቀመጡ። ጥሪው ተነሣ። አጎታችን ስልኩን መያዝ ስላላወቁበት መጀመሪያ የታየው ግንባራቸውና የቤቱ ቆርቆሮ ነበር። ከዚያ ፊታቸው መጣ። እናታችን ወደኛ ዞረው ቀስ ብለው «ይህ ሽማግሌ ማነው?» አሉን።

ወንድማቸው እንደሆኑ ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ጥርሳቸው አልቋል፤ አንገታቸው ከስቷል፤ ሸሚዛቸው የራሳቸው አይመስልም። አጎታችን አሁንም «ደህና ነኝ» ይላሉ። በመካከሉ መብራት ጠፋባቸውና ጥሪው ተቋረጠ። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

በዚያ ሌሊት እናታችን አልተኙም። «በድምፅ ብቻ ሳለ ደህና ነኝ ሲለኝ አምነው ነበር፤ አሁን በምን ልመነው?» ይሉናል። ታላቅ እህታችን «ባልገዛንላቸው ይሻል ነበር፣ በዕድሜያቸው ሐሳብ ጨመርንባቸው» ትላለች። ሌሎቻችን ደግሞ እውነቱን ማወቃቸው ደግ ነው እንላለን። ገና አልተስማማንም። እናታችን ግን ይሰጠኝ ብለው ሲጠይቁ እንጂ ይወሰድልኝ ሲሉ አልሰማናቸውም። ለአጎታችንም በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ ከራሳቸው ጡረታ ጨምረው ከፍ አድርገውታል።

ባለፈው ሳምንት አጎታችን የምዝገባ ወረቀቶቻቸውን በዚያ በኩል በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ላኩልን። ወረቀቱ የታጠፈበት ቦታ ተቦጫጭቆ አንዱ ቁጥር አይነበብም። እናታችን ብዕራቸውን ይዘው በሁለት ጣት ፎቶውን ማስፋት ተምረዋልና፣ አስፍተው አስፍተው ካዩት በኋላ «ይህቺ ሦስት ናት ወይስ ስምንት?» ብለው ጠየቁን። እሑድ ቢሮው ሲከፈት ይዘነው እንሄዳለን።