ኮፈን ሥር የተደበቀው ዕዳ

ሸጎሌ ከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ ስለ ዕድሜው የነገረውን ሰምቶ ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። በዚያው ሰፈር አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ወይም ቮልስ የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ድምፁን አዳምጦ ከደላላው ጋር ወደ ዋጋ ይገባል። ኮፈኑ ቢከፈትም ዘይትና ውሃ ለማየት ነው። እዚያው ተጠላልፎ የተቀመጠውን የኤሌክትሪክ ገመድ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እንደ ሞተሩ ጉልበት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። አቅርቦቱ የጠበበበት ዕቃ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ስለሆነም 40 ዓመት ያለፈው መኪና ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ገንዘብ የሚፈስበት ሥራ ሆኗል። ገንዘቡ ግን በቅድሚያ የሚሄደው ለዓይን ወደሚታየው፣ ወደ ላሜራው፣ ወደ ቀለሙና ወደ ወንበሩ ነው። ገመዱ ተራ አይደርሰውም።

አንድ መኪና በ40 ዓመት ውስጥ ብዙ ባለቤት ይቀያይራል። አንዱ ቴፕ ያስገባል፣ ሌላው የሌባ መከላከያ፣ ሦስተኛው ትልቅ ክላክስና ተጨማሪ መብራት። እያንዳንዱ ከቅርብ ካገኘው ገመድ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ይሄዳል። ገመድ ሲያጥር ለቤት መስመር የሚዘረጋው ይቀጠላል። የቤት ገመድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ወፍራም ሽቦ ያለው ነው፤ ለግድግዳ እንጂ ለሚንቀጠቀጥ ሞተር አልተሠራም። መኪና ላይ የሚገባው በብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደው ነው። በተጨማሪም የተለመደው የቤት ገመድ ልባስ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሲሆን፣ ከሞተር አጠገብ ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል።

ከሁሉ የሚከፋው የፊውዝ ነገር ነው። ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚሰካ ሰው መኪናውን ያስነሳው ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኮንታክት ቢፈጠር ቀድሞ የሚቀልጠው ገመዱ ነው። ገመዱ ደግሞ የሚያልፈው ቤንዚን በሚያንጠባጥብ አሮጌ ካርቡራቶር አጠገብ ሊሆን ይችላል። በቮልስ አደጋው ወንበር ሥርም አለ። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር በታች በመሆኑ፣ መሸፈኛው ከጠፋ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ብረት የባትሪውን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል።

እሳት ባይነሳም ኪሣራ አለ። ሁለት የ60 ዋት መብራቶች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ። ይህ ጉልበት 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቀጭን ገመድ 4 ሜትር ቢጓዝ አንድ ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። የአንድ ቮልት መጉደል የመብራቱን ድምቀት በሩብ ያህል ይቀንሰዋል። አምፖል እየለዋወጡ መብራቱ ፈዘዘ የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ታዲያ ማስተካከል ማለት ምንድን ነው? ሁሉንም በአዲስ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኖ ማስረከብ ዝገት ላይ ስቱኮ ከመለጠፍ አይለይም። መጠቅለል የመጨረሻው ሥራ ነው። በቅድሚያ የባትሪው ነጋቲቭ ይፈታል፤ እያንዳንዱ ገመድ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ተከትሎ ምልክት ይደረግበታል። የትም የማይደርሰው ይወጣል፤ በአሮጌ መኪና የሚወጣው ገመድ ብዛት ባለቤቱን ሊያስደንቅ ይችላል። ቀጥሎ ማሳው፣ ማለትም ከባትሪው ነጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚሄደው፣ ዝገቱ ተፍቆ ይጠብቃል። መብራትና ክላክስ በየራሳቸው ፊውዝና ሪሌ ይሠራሉ። ገመዱ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይታሰራል፣ ላሜራ በሚበሳበት ቦታ ጎማ ይደረግለታል፣ ሞተሩ ስለሚወዛወዝ ወደዚያ የሚሄደው ትንሽ ላላ ይላል።

የዚህ ሥራ ወጪ ከዕቃው ይልቅ በአብዛኛው ጉልበትና ጊዜ ነው። ስለዚህ ገዥ ከመዋዋሉ በፊት ሊያውቀው ይገባል። ለዚህ የሚበቃው አንድ ቴስተር ነው። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ነጋቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደካማ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ አምፔር እንዲለካ የተስተካከለው ቴስተር በተፈታው ነጋቲቭ መሐል ሲገባ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሳበ ደግሞ፣ አንድ ነገር ባትሪውን ሌሊት ይበላል። ሁለቱም ከዋጋው ላይ የሚቀነሱ ናቸው፤ ደላላው ቢያጉረመርምም።

የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ ብሎ መጽናናትም አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ይህ ዋስትና በሌላው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለተቃጠለው የራስ መኪና አይከፍልም።

አድሶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ሥራው ሲያልቅ ኤሌክትሪሽያኑ የገመዱን መስመር በወረቀት እንዲስልለት፣ የፊውዞቹንም ቁጥርና የሚያገለግሉትን እንዲጽፍለት ይጠይቅ። ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። ቀጣዩ ገዥ ኮፈኑን ሲያስከፍት አብሮ ቢታይ ዋጋ ለመከራከሪያ ይሆናል።