ስለ ሐዲድ ስፋትና ስለ አንድ ቀን የባቡር መንገድ

በወለጋ አገር የምድር ባቡር ስላልተሠራ፥ በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢዶሎ ልጆች ስለ ባቡር ሲጠይቁ መምህሩ የሚያሳያቸው ነገር ያጣል። ነገር ግን ዋናውን ነገር ለማስረዳት አንድ የመለኪያ ገመድና የትምህርት ቤቱ ግቢ ይበቃል።

ባቡር የሚሄድባቸው ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት የሐዲድ ስፋት ይባላል። በብዙ አገር የተለመደው ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተሠራው የቀድሞው ሐዲድ ግን 1 ሜትር ብቻ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳርቻ ደግሞ፥ ሃይዝ ከሚባለው ከተማ የሚነሣ፥ በ1919 ዓ.ም. የተከፈተ ባቡር አለ፤ የሐዲዱ ስፋት 38 ሴንቲሜትር ያኽላል፥ ርዝመቱም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው የትልቁ ባቡር ሢሶ ቢሆንም በእውነተኛ እንፋሎት ይሄዳል። መንገደኛ ጧት ተሳፍሮ፥ የባሕሩን ዳርቻ አይቶ፥ ማታ ይመለሳል። የሚያየው ሰው የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ከ30 ዓመት በላይ ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤት አመላልሷል።

የጠባብ ሐዲድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ በተራራ ወገብ ላይ በቀላሉ ይጠመዘዛል፤ የሚቈረጠው አለት፥ የሚደለደለው አፈር፥ የሚወጣውም ገንዘብ ያንሳል። ጉዳቱም ጭነቱ ማነሱና ፍጥነቱ መዘግየቱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲዱ እንዲሠራ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተዠምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ስላጠረ ዘገየ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መንገዱ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ።

በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው ጧት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ አቃቂን፥ ቢሾፍቱን፥ ሞጆን፥ ናዝሬትንና መተሐራን አልፎ፥ ማታ አዋሽ ያድራል። በዚህች በአንዲት ቀን ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጧት ብርድ ያስለበሰውን ጋቢ ማታ ሙቀት ያስጥለዋል። በሁለተኛው ቀን ድሬ ዳዋ፥ በሦስተኛው ጅቡቲ ይገባል።

ለወለጋ ሰው ግን ከሁሉ የሚያስበው ሌላ ነገር አለ። በ1886ቱ ፈቃድ መንገዱ በሦስት ተከፍሎ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍል ከእንጦጦ በከፋ በኩል አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ የታሰበ ነበረ። ይህ ክፍል አልተሠራም። ስለዚህ የምዕራብ ቡና ከፊሉ በበቅሎና በአህያ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ ነበር፤ ከፊሉም ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሻገር ነበር። መርከቡ የሚመጣው ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ስለ ሆነ፥ በበጋ የደረሰ ጭነት ዝናብን ይጠብቃል። ሐዲድ የሌለው አገር ቀጠሮውን ከሰማይ ይቀበላል ማለት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ከሰበታ እስከ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ተመረቀ፤ ስፋቱም ያ የተለመደው ነው። ስለዚህ የአሮጌው ሐዲድ ሠረገላ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። ሐዲድ ሲዘረጋ በመዠመሪያ የተመረጠው ስፋት የልጅ ልጆችን ያስራል፤ እንግዲህ መዠመሪያውን መምከር ይገባል።

መምህሩ በግቢው መሬት ላይ ሦስት ጥንድ መሥመሮች ያስምር፤ አንዱን በ38 ሴንቲሜትር፥ ሁለተኛውን በ1 ሜትር፥ ሦስተኛውን በ1 ሜትር ከ43 ሴንቲሜትር ተኩል። ልጆቹም በመካከሉ ይቁሙ። ቀጥሎ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ ላለው ለዴዴሳ ቍልቍለት የትኛው እንደሚስማማ ይጠይቃቸው። የበቅሎውን ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችም ተጠርተው ይመስክሩ፤ ልጁ ድካሙን ሳያውቅ የመንገድን ዋጋ አያውቅምና።