ተሳቢው ተሰክቶ ያደረ መኪና ጠዋት ለምን አይነሳም?

ከጅቡቲ ጭኖ አዳማ ያደረ መኪና ጠዋት ሞተሪኖው አልዞር ሲል ብዙ ሹፌር ወንድሞቻችን በቀጥታ ባትሪ ሊገዙ ይሄዳሉ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ የተሳቢውን ስፒና እዩ። የመተሃራ አቧራና እርጥበት ውስጡ ሲገባ ነሐሱ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ኃይል በዚያ ሾልኮ ሲፈስ ያድራል።

ሁሉንም አጥፍታችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ፤ በገመዱና በባትሪው መካከል 10 አምፔር ላይ የተደረገ ቴስተር አስገቡ። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት ፈጽሞ አትሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ እስኪተኛ 20 ደቂቃ ያህል ታገሱ። ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። ቁጥሩ ወዲያው ከወረደ ጥፋቱ ተሳቢው ላይ ነው፤ ካልወረደ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። መኪናው 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ12 ባትሪዎች ተያይዘው። ቴፑና የስልክ ቻርጀሩ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሲሳቡ ያ ባትሪ ይራባል፣ ጓደኛው ከልክ በላይ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገጥሙ፤ ዋጋው ከሁለት ባትሪ በጣም ያንሳል።

ሞተሩ ተነስቶ ባትሪዎቹ ላይ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ካላገኛችሁ ደግሞ ዲናሞውን አስፈትሹ።