ትራክተር ሲገዛ ጥገናውም አብሮ ይገዛ
(ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን)

ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነበር። ከአሰላ ከተማ በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግቢ ውስጥ አንድ ትራክተር የዲስክ ማረሻውን እንደተሸከመ ቆሟል። ጎማው አላለቀም፤ ቀለሙም አልተላጠም። ዝናቡ ጥሏል፤ መሬቱ ርሷል፤ የስንዴው ዘር በመጋዘን ተደርድሮ ይጠብቃል። የትራክተሩ ሞተር ግን አልነሣ ብሏል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። እጃቸውን በትራክተሩ ጎማ ላይ አሳርፈው፣ ‹‹ልጄ፣ በሬ ሲታመም ያቃስታል፤ መኖ ይተዋል፤ የት እንዳመመውም ዳብሰህ ታውቃለህ። ይኼ ግን ዝም ነው። የሚያውቁለት ሰዎች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ እነሱም ስልክ አያነሡም›› አሉኝ።

ማኅበሩ ትራክተሩን የገዛው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከአባላት መዋጮና ከብድር የተገኘ ነው። በውሉ ላይ የአንድ ዓመት ዋስትና ተጽፏል። ትራክተሩ በመጣ ሰሞን ደስታው ከፍ ያለ ስለነበር፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ‹‹ከእንግዲህ በሬ ምን ያደርግልናል?›› በማለት የእርሻ በሬዎቻቸውን ሸጠው ነበር። ችግሩ የጠናውም በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነው።

23 ቀን በበር ላይ

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ትራክተሩ በእርሻ ላይ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ኦፕሬተሩ ደጋግሞ ለማስነሣት ሲሞክር ባትሪው ደከመ። በማግሥቱ ከከተማ አንድ መካኒክ ተጠርቶ መጣና የናፍታውን ፖምፓ ፈታው። ሲፈታውም ፋብሪካው ያሰረበትን የእርሳስ ማኅተም ቆረጠው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሻጩ ድርጅት ስልክ ተደወለ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ‹‹የሞዴሉንና የሞተሩን ቁጥር ንገሩኝ›› አለች። ቁጥሩን የሚያውቅ አልነበረም። የመመሪያው መጽሐፍ በገንዘብ ያዡ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ለቅሶ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ‹‹ባለሙያው መስክ ነው››፣ ‹‹ሰኞ ይመጣል››፣ ‹‹በሚቀጥለው ሳምንት ደውሉ›› የሚሉ መልሶች ተከታተሉ። ባለሙያው የመጣው በ11ኛው ቀን ነው። ፖምፓውን መርምሮ ከናፍታው ጋር ውሃ ገብቶ እንዳዛገውና መለወጥ እንዳለበት አስረዳ። ዕቃው ግን በመጋዘን አልነበረም። ይባስ ብሎም፣ ማኅተሙ በሌላ ሰው እጅ ስለተቆረጠና ጉዳቱ ከቆሻሻ ናፍታ የመጣ ስለሆነ ዋስትናው አይሠራም ተባለ። ፖምፓው በማኅበሩ ወጪ ተገዝቶ ትራክተሩ የተነሣው በ23ኛው ቀን ነው።

በዚህ መካከል ጎረቤት ገበሬዎች በደቦ በሬዎቻቸውን ይዘው መጥተው የአንዳንዱን ማሳ አረሱ። ለሁሉም ግን አልተዳረሰም። አንዳንዱ ዘግይቶ ዘራ፤ አንዳንዱ ደግሞ መሬቱን በሬ ላለው ሰው ለእኩል ሰጠ። በራሱ መሬት የግማሽ ምርት ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ጉዳቱን በቀላል ሒሳብ መገመት ይቻላል። ከ23ቱ ቀናት 20ው የሥራ ቀን ቢሆንና ትራክተሩ በቀን 3 ሔክታር ቢያርስ፣ ሳይታረስ የቀረው 60 ሔክታር ይሆናል። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ሩብ ሔክታር ያህል ነው። ስለዚህ ያን 60 ሔክታር አንድ ጊዜ ለማረስ እንኳ የ240 ቀን የጥማድ በሬ ሥራ ይጠይቃል። ለተበላሸ አንድ ዕቃ የተከፈለው ዋጋ በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ዋጋ ያመለጠው የሰኔ ቀን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ጥፋቱን በአንድ ወገን ብቻ መጫን አይቻልም። ሻጩ ድርጅት ትራክተሩን ሲሸጥ ‹‹መለዋወጫ ሞልቷል›› ብሏል። ይህ ቃል ግን በውሉ ላይ አልሰፈረም። ባለሙያው በስንት ቀን እንደሚደርስም የተጻፈ ነገር የለም። የማኅተሙን ነገር በርክክቡ ዕለት ለኦፕሬተሩ የነገረው ሰው አልነበረም። በዚህ ረገድ ማኅበሩ ቅሬታ ማሰማቱ ተገቢ ነው።

በማኅበሩም በኩል ጉድለት ነበር። የናፍታው በርሜል ክዳኑ ላልቶ በዝናብ ይውል ነበር። ፊልትሮው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ መዝገብ አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከወቀሳው ነፃ አይደለም። ማኅበሩ ትራክተር ሊገዛ ሲመክር ‹‹ለዚህ አፈር ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል?›› ተብዬ ተጠይቄ፣ በኮሌጅ የተማርኩትን በኩራት አስረድቻለሁ። ‹‹ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?›› የሚለውን ጥያቄ ግን አላነሣሁትም። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የቀረው በሬ ታሪክ በእኛም ላይ ደረሰ።

በሌላ ጊዜ በትራክተር ጥገና የሚሠሩ አንድ ባለሙያ አግኝቼ ጉዳዩን አንሥቼላቸው ነበር። የሚከተለውን ነገሩኝ፦ ‹‹ገበሬው ደውሎ ‹ቀዩ ትራክተር ቆመብን› ይለናል። ቀይ ትራክተር ስንት ዓይነት አለ! የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም። ለእያንዳንዱ ዓይነት ሁሉንም ዕቃ እናከማች ብንል ደግሞ የውጭ ምንዛሪው አይበቃም።››

ይህ አባባል እውነትነት አለው። ወደ አገራችን የገቡት ትራክተሮች ምንጫቸው ብዙ ነው። በ1960ዎቹ በጭላሎም ሆነ በሰቲት ሁመራ ሰፋፊ የትራክተር እርሻዎች በተስፋፉበት ጊዜ የምዕራብ አገሮች ሥሪት የሆኑ ትራክተሮች ይገቡ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በናዝሬት በተቋቋመው ፋብሪካ ቤላሩስ ትራክተር መገጣጠም ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሕንድ፣ የቻይናና የቱርክ ሥሪቶች ተጨመሩ። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱ ለገዢው በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ዓይነቱ በበዛ ቁጥር የመለዋወጫው ችግር የሚወሳሰብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሀብታም አገርም ያለ ችግር

ይህን መሰሉ ብሶት የእኛ ገበሬዎች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ትላልቅ ትራክተሮች በኮምፒዩተር የሚሠሩ ከሆኑ ወዲህ፣ ገበሬው ራሱ ዕቃውን ቢለውጥ እንኳ የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም የያዘው የፋብሪካው ወኪል ካልመጣ ሞተሩ በሚገባ የማይሠራበት ጊዜ አለ። በመሆኑም ገበሬዎቹ ‹‹የገዛነውን የመጠገን መብት ይሰጠን›› በማለት ለዓመታት ተከራክረዋል። የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካዎች መለዋወጫውን፣ የጥገና መጽሐፉንና የመመርመሪያ ፕሮግራሙን ለገበሬዎችና ለግል ጠጋኞች እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለባቸው። ሕጉም ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በጥር ወር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከኢሊኖይና ከሚኔሶታ ክፍለ ግዛቶች ጋር ሆኖ ጆን ዲር የተባለውን ኩባንያ በዚሁ ጉዳይ ከሰሰ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ገበሬው በርካታ ትራክተር ባለበት አገር እንኳ የጥገና መብቱን ያገኘው በመደራጀትና በመጠየቅ ነው። የእኛ ማኅበራትም ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ያላቸው ኃይል፣ ከከፈሉ በኋላ ከሚኖራቸው እጅግ ይበልጣል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

የማኅበራት መሪዎች የግዢ ውል ሲያዘጋጁ የሚከተሉትን ነጥቦች በጽሑፍ ማስፈር ይገባቸዋል።

አንደኛ፦ ዋስትናው በጊዜ ብቻ ነው ወይስ በሞተር ሰዓትም ይገደባል? ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ቀድሞ የደረሰውም ዋስትናውን ይዘጋዋል። ዋስትናውን የሚያፈርሱት ነገሮችም አንድ በአንድ ይዘርዘሩ።

ሁለተኛ፦ ትራክተሩ ሲቆም ባለሙያው በስንት ቀን ይደርሳል? በተባለው ቀን ካልደረሰስ ሻጩ ምን ያደርጋል? የትራንስፖርትና የአበሉን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?

ሦስተኛ፦ በቅርቡ ባለ ከተማ መለዋወጫ አለ ወይ? በቃል ብቻ መቀበል አይገባም። ሰው ልኮ መደርደሪያውን ማሳየት፣ የፊልትሮና የቺንጊያ ዋጋ ጠይቆ መመለስ ጠቃሚ ነው።

አራተኛ፦ በአካባቢው ይኸው ዓይነት ትራክተር ያላቸው ማኅበራት ስንት ናቸው? ጎረቤት ማኅበራት አንድ ዓይነት ትራክተር ቢገዙ፣ መለዋወጫ በጋራ ማስቀመጥና አንድ መካኒክ በጋራ መቅጠር ይችላሉ። ዩኒየኖች በዚህ በኩል ብዙ ሊረዱ ይችላሉ።

አምስተኛ፦ ኦፕሬተሩ ማን ነው? ሻጩ ለሁለት ሰዎች ሥልጠና እንዲሰጥ በውሉ ይግባ። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይተካዋል። የመመሪያው መጽሐፍም በሚያነቡት ቋንቋ እንዲቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በእጅ የሚቻለውን በእጅ

ትራክተር የሚያቆሙ ብዙ ብልሽቶች ከትናንሽ ጉድለቶች ይጀምራሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው በጊዜው ሊታረሙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የናፍታ ንጽሕና ነው። በርሜሉ በጥላ ሥር፣ ክዳኑ በሚገባ ተጠብቆ፣ ትንሽ አዘንብሎ ይቀመጥ። ከተራገፈ በኋላ ዝቃጩና ውሃው እስኪወርድ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ይዋል፤ ናፍታው ሲቀዳም ከሥሩ መሆን የለበትም። የትራክተሩ ታንከር ማታ ከሥራ መልስ ቢሞላ፣ ሌሊት በባዶው ቦታ ላይ የሚቋጥረው ጤዛ ይቀንሳል። በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውሃም በመመሪያው መሠረት ይፍሰስ።

ሁለተኛው አየር ነው። ታንከሩ ጨርሶ ሲደርቅ በናፍታው ቧንቧ ውስጥ አየር ይገባል፤ ናፍታ ቢጨመርም ሞተሩ አይነሣም። ይህ ብልሽት አይደለም። በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ተደርጎ፣ በእጅ መግፊያው እየተገፋ፣ አረፋው ቀርቶ ንጹሕ ናፍታ ሲወጣ ይጠበቃል። ቀጥሎም በፖምፓው ላይ ያለው በመመሪያው ቅደም ተከተል ይሠራል። ማኅተም ያለበት ቦታ ግን አይነካም። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የናፍታ ቧንቧዎች በእጅ መዳበስም አደገኛ ነው፤ በኃይል የሚረጨው ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሦስተኛው የየቀኑ ቁጥጥር ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውሃ ይታይ። በራዲያተሩ ላይ የተጣበቀው ገለባና አቧራ ይጠረግ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ወራት ቶሎ ቶሎ ይጸዳ። ግራሶ የሚፈልጉ መጋጠሚያዎች ሁሉ ግራሶ ያግኙ። የላሉ ዳዶዎችም ይጥበቁ።

አራተኛውና ርካሹ መሣሪያ ደብተር ነው። በመጀመሪያው ገጽ የትራክተሩ ሞዴል፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር፣ የተገዛበት ቀን፣ የሻጩም ስልክ ይጻፍ። በሚቀጥሉት ገጾች የሰዓት ቆጣሪው ንባብ፣ የገባው ናፍታ፣ ዘይትና ፊልትሮ የተለወጠበት ቀን ይመዝገብ። ወደ ሻጩ ሲደወልም ማን እንዳነጋገረና ምን ቃል እንደተሰጠ ከነቀኑ ይጻፍ። ክርክር ቢመጣ ዋስትናን የሚያስከብረው ይህ ደብተር ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወደዚያው ማኅበር ተመልሼ ነበር። በርሜሉ ከጣራ ሥር በእንጨት መቀመጫ ላይ ተጋድሟል። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ፊልትሮና አንድ ቺንጊያ ተሰቅለዋል። ደብተሩ በኦፕሬተሩ እጅ ነው፤ ቅጂው በጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። ትራክተሩም በሥራ ላይ ስለነበር በግቢው አላገኘሁትም።

ሊቀ መንበሩ ግን ከቤታቸው ጀርባ ወስደው አዲስ የገዙትን ወይፈን አሳዩኝ። ትራክተሩን ጠልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ‹‹የለም ልጄ›› አሉኝ። ‹‹ትራክተሩ ይረስ። ነገር ግን ስልክ የሚያነሣው ሰው መቼ እንደሚያነሣ እስካውቅ ድረስ፣ ቀንበሬን አልሰቅልም።››

እኒህ ሽማግሌ የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። ትራክተር ለመግዛት በመምከር ላይ የሚገኙ ሌሎች ማኅበራት ግን ይህንኑ ትምህርት በአንድ ስብሰባና በአንድ በሚገባ በተጻፈ ውል ሊያገኙት ይችላሉ። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ‹‹ስንት የፈረስ ጉልበት?›› ከሚለው ጥያቄ በፊት ‹‹ሲቆም ማን ይደርስልናል?›› የሚለው ጥያቄ ይቅደም።