የኤፍ-35 ትክክለኛ ዋጋ ያለው ጥገናው ላይ ነው

ስለ ሎክሂድ ማርቲን ኤፍ-35 ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው የአንዱን አውሮፕላን መሸጫ ዋጋ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ሚዛኑን የሚደፋው ጥገናው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ የአገሪቱን ኤፍ-35ዎች በአገልግሎት ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ወጪ በ2018 ከተገመተው 1.1 ትሪሊዮን ዶላር ወደ 1.58 ትሪሊዮን አሻቅቧል። ያም ሆኖ በማርች 2023 ለግዳጅ ብቁ የነበሩት 55 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ግምቱ ያደገው የአገልግሎት ዘመኑ እስከ 2088 ስለተራዘመ ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊል ልክ ናቸው። የብቁነቱ ማነስ ግን በዚህ አይመካኝም። መለዋወጫ ይጎድላል፣ የጥገና ማዕከላቱም ዘግይተዋል። ከሁሉ የከፋው፣ ፔንታጎን የጥገናውን ቴክኒካዊ መረጃ ከጅምሩ ባለመያዙ፣ የሠራዊቱ ቴክኒሻኖች ራሳቸው ሊጠግኑት ለሚችሉት ብልሽት እንኳ የአምራቹን እጅ መጠበቃቸው ነው።