ዓሣ የሚውጥ ቀንድ አውጣ

ቀንድ አውጣን ሁላችንም እናውቃለን። ክረምት ሲገባ በጓሮአችን ቅጠል እየበላ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በባሕር ውስጥ ግን ዓሣ የሚበላ ቀንድ አውጣ አለ። ስሙ ኮነስ ጂኦግራፈስ ይባላል። በቀይ ባሕር፣ በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖሶች ይኖራል። ርዝመቱ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ቀርፋፋ ፈጣኑን ዓሣ እንዴት ይይዛል? ቀን ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ለአደን ይወጣል። ከትናንሽ ዓሦች አጠገብ ሲደርስ አፉን እንደ ከረጢት ከፍቶ ያስገባቸዋል። መርፌ በመሰለ ጥርሱም ወግቶ ይመርዛቸዋል። በመርዙ ውስጥ የደም ስኳር የሚያወርድ ኢንሱሊን አለ። ስለዚህ ዓሣው ይዝላል፤ መሸሽም ያቅተዋል።

የዚህ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሲያዩት ያምራል። ሰው ዛጎል አገኘሁ ብሎ ያነሣዋል። እሱም ይወጋዋል። የተወጋ ሰው ሰውነቱ ይዝላል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ለመርዙ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በቶሎ ሐኪም ቤት ደርሶ በመሣሪያ እንዲተነፍስ ከተረዳ ግን ሊድን ይችላል።

መርዝም ቢሆን ሲያጠኑት ይጠቅማል። ከሌላው የኮነስ ዓይነት መርዝ ተጠንቶ የከባድ ሕመም ማስታገሻ ተሠርቷል። መድኃኒቱም በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል።

እንግዲህ ከባሕር ዳርቻ ስንደርስ ያማረውን ሁሉ አናንሣ። ሳናውቅ አንንካ።