ቡናን በራሱ ገለፈት ማድረቅ

በእኛ ደጋ አገር በአጅባር «የእርሻ ተረፈ ምርት» የሚባለው በእውነት የተረፈ ነገር አይደለም። የገብሱና የስንዴው ገለባ የከብት ቀለብ ነው፤ ጭዱ ከጭቃ ጋር ቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ከቆላው የሚመጣው አገዳም መኖ ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው። እበቱ ማሳ ላይ መዋል ሲገባው እንጨት ስለጠፋ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ መሬቱም በየዓመቱ ይራባል።

ስለዚህ «ቡናን በተረፈ ምርት እሳት እናድርቅ» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «የማንን ተረፈ ምርት?» ብዬ ነው። የበሬን ቀለብ ነጥቆ ቡና ማድረቅ ትርፍ አይባልም። በእኛ ደጋ ቡና አይበቅልም፣ ብርዱ አይፈቅድለትም። ቡና ባለበት አገር ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን ማገዶ አለ፤ እሱም የቡናው የራሱ ገለፈት ነው። ካፌይንና ታኒን ስላለበት ከብት እንደልብ አይመገበውም። በየመፈልፈያው ደጅ ይከመራል፣ አንዳንዱም ሜዳ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል።

ይበቃል ወይ? እስቲ አብረን እናስላው። 100 ኪሎ እሸት ቡና ብንወስድ 60 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪሆን ሲደርቅ 45 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ይቀራል፤ 55 ኪሎ ውኃ ይተናል ማለት ነው። ይህን ውኃ ለማትነን 130 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ጀንፈሉ ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ፍሬ፣ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ስለሚሆን 22 ኪሎ ገለፈት እናገኛለን። የአንዱ ኪሎ ሙቀት 16 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ በጠቅላላው 350 ይሆናል። ግማሹን ውኃ ፀሐይ ካወጣችልን ከእሳቱ ሙቀት ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ሥራ ላይ ቢውል ይበቃል። የገጠር ምድጃ ብዙ ሙቀት እንደሚያባክን እያወቅሁ ተስፋ የማደርገው በዚህ ስሌት ነው። ገለፈቱ የሚገኘው ግን ቡናው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ የሚነደው የአምናው ነው። ክረምቱን ዝናብ ሳይነካው የሚያድርበት መጋዘን ከሌለ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የረጠበ ገለፈት ይጨሳል እንጂ አይነድም።

ፀሐይ እንድትቀር አልፈልግም። ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ በእጅ እየተገላበጠ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚደርቀው ቡና ነው ለአገራችን ስም ያተረፈላት። ችግሩ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ሲመጣ ነው። የተሸፈነ እርጥብ ቡና ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ኦክራቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሊያድርበት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደውን መጠን በ2023 (እ.ኤ.አ.) በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም ወደ 3 ዝቅ አድርጓል። እሳቱ የሚያስፈልገን ለእነዚያ ክፉ ቀናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጭሱ ቡናውን መንካት የለበትም። እናቶቻችን የዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉት ጭሱ ከነቀዝ ስለሚጠብቅላቸው ነው፤ ለዘር ትክክል ነው። ቡና ግን ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል፣ በቆሎ ላይ የለመድነው ጥበብ እዚህ ያጠፋናል። ምድጃው ለብቻው ይሠራል፤ ጭሱ በብረት ቱቦ አልፎ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ንጹሕ አየር በጋለው ቱቦ ዙሪያ እያለፈ ይሞቅና በማራገቢያ ተገፍቶ በቡናው መሀል ይሄዳል። ወዳጆቼ፣ ቱቦውን ትቶ እሳቱን በቀጥታ ከአልጋው ሥር ማድረግ ይረክሳል የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እባካችሁ አትስሙት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥድፊያ ነው። ጀንፈል ከ45 ዲግሪ፣ የታጠበ ቡና ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ባይሞቅ ይመረጣል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ቴርሞሜትር የሌለው ማድረቂያ ባይሠራ ይሻላል። ገለፈት ፖታሲየም ስለሚበዛበትም ምድጃው ከልክ በላይ ሲግል አመዱ ይቀልጥና እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ በየጊዜው መጠረግ አለበት።

ቡናን በእሳት ሙቀት የማድረቁ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጓቲማላ ውስጥ ሆሴ ጓርዲዮላ የተባለ የቡና እርሻ ባለቤት የሠራው ተሽከርካሪ ማድረቂያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኮሎምቢያውያንም ከታጠበ ቡና የሚወጣውን ስስ ልጣጭ ለማድረቂያቸው ያነዱታል።

ከክልላችን የት ይጀመር ብትሉኝ ዘጌን እላለሁ። ጣና ዳር ያለው ይህ ልሳነ ምድር በገዳማቱ ጥላ ሥር ቡና ያበቅላል፣ የሚያደርቀውም ሳይታጠብ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ እንደማይታረስ፣ ከብትም እንደማይረባበት ይነገራል። እዚያ ገለፈቱን በጥቂቱም ቢሆን የሚሻማ በሬ የለም። በአንጻሩ በእንጨት እናድርቅ ቢባል የሚቆረጠው ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዛፍ ነው። አንድ ምድጃ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ ማራገቢያ ይበቃል ለመጀመሪያው ዓመት፤ አመዱም ወደ ቡናው ሥር ይመለስ።